ባልና ሚስቱ በሰቲት ዳር

ለደገኛ ቆላ ማለት ንዳድ ነው። የጎንደር እናት ልጇ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወይም ወደ አብደራፊ ሲወርድ «እመብርሃን ትከተልህ» ብላ ትሸኘዋለች እንጂ «ደስ ይበልህ፣ ተዝናና» አትለውም። ሰሊጥ ሊያጭድ የወረደው ጎልማሳ ይዞት የሚመለሰው ጥቂት ብር ነው፤ አንዳንዴም ከብሩ ጋር ወባ፣ ክፉ ዕጣ ሲገጥመው ደግሞ ካላ አዛር። እንግዲህ በዚሁ በረሃ፣ ተከዜ ሰቲት ተብሎ በሚጠራበት፣ አንገረብ ከደጋ ወርዶ በሚንጣለልበት ሜዳ፣ አንድ ባልና ሚስት በገዛ ፈቃዳቸው መጥተው፣ ድንኳን ተክለው፣ ወራት በደስታ አሳለፉ ቢባል የሚያምን ስንቱ ነው?

ነገሩ ግን እውነት ነው። ጊዜው 1861 እና 1862 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የነበሩት፣ ራሳቸውም በሽፍትነት ዘመናቸው ይህን ቆላ እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁት የነበሩት የቋራው ካሣ፣ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ባልዬው ሳሙኤል ቤከር ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። ሚስቲቱ ፍሎረንስ ናት። የእሷ ነገር ረዘም ያለ ስለሆነ በኋላ እንመለስበታለን።

ቤከር ስለዚህ ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ በ1867 ለንደን ላይ ታተመ። ርዕሱ ስለ ዓባይ የሐበሻ ገባሮችና ስለ ሐምራን ዓረቦች ሰይፈኛ አዳኞች ነው። ስለ ምዕራብ ጎንደርና ስለ ሰቲት ቆላ በዚያ ዘመን ከተጻፉት ሁሉ ሰፊውን ዝርዝር ከያዙት መጻሕፍት አንዱ ነው ማለት ይቻላል። አንባቢው ግን ሁለት ዓይን ያስፈልገዋል፤ አንዱ የተጻፈውን የሚያይ፣ ሌላው ያልተጻፈውን የሚፈልግ።

ከካይሮ እስከ ሶፊ

ሳሙኤል ቤከር በ1821 ተወለደ። ባለጸጋ ቤተሰብ የነበረው፣ በሴይሎን ደሴት ዓመታት የኖረ፣ አደን ነፍሱ የሆነ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1855 አራት ሴቶች ልጆች ትታ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆንለት አለ። በመጨረሻም የዘመኑን ታላቅ እንቆቅልሽ፣ የነጭ ዓባይን ምንጭ፣ ለመፈለግ ቆርጦ በሚያዝያ 1861 ከካይሮ ተነሣ። ወደ ደቡብ ከመዝለቁ በፊት ግን አንድ ዓመት ያህል ከሐበሻ ተራሮች የሚወርዱትን ወንዞች ሊመረምር፣ ዐረብኛ ሊማር፣ በዚያውም ሊያድን አሰበ። ለእኛ የሚተርፈን ታሪክ የዚያ ዓመት ታሪክ ነው።

በሰኔ ወር አትባራ ወንዝ ዳር ደረሱ። ወንዝ ይባል እንጂ ውሃ የለውም። ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ የአሸዋ መንገድ ነው፤ እዚህም እዚያም ኩሬ፣ በየኩሬው የታጨቀ ዓሣ፣ አዞና ጉማሬ። በሰኔ 23 ሌሊት ባልና ሚስቱ ተኝተው ሳለ ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ዓረቦቹ «ወንዙ! ወንዙ!» እያሉ ጮኹ። በአሸዋው ላይ ተኝቶ የነበረ ሁሉ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ወደ ዳር ሮጠ። ሲነጋ ትናንት በእግር የተሻገሩት ደረቅ አሸዋ ከዳር እስከ ዳር የሞላ፣ አፈር የጠጣ ታላቅ ወንዝ ሆኖ ይወርድ ነበር። በሰፈሩበት ቦታ ግን አንዲት ጠብታ ዝናብ አልወረደችም!

ቤከር የዚያን ማለዳ ነገሩ ገባው። ዝናቡ የዘነበው ሩቅ ነው፤ ሰሜን ላይ፣ ጎንደር ላይ፣ ላስታ ላይ። ከምድር ወገብ ሐይቆች የሚመጣው ነጭ ዓባይ ግብፅን ዓመቱን ሙሉ በሕይወት ያቆያታል፤ ክረምት ላይ አጥለቅልቆ ጥቁር አፈር የሚያለብሳት ግን ከሐበሻ የሚወርደው ውሃ ነው ብሎ ደመደመ። እርግጥ የዚያ ጎርፍ ትልቁ ድርሻ የዓባይ ነው፤ የአትባራና የተከዜም ድርሻ ግን ቀላል አይደለም። የጣናና የተከዜ ልጆች የሆንን እኛ ይህን ከአያት ከቅድመ አያት እናውቀው ይሆናል። ለአውሮፓ አንባቢ በዓይኑ አይቶ የመሰከረለት ግን ይህ ሰው ነው።

ዝናቡ እነሱም ጋ ሲደርስ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ሰቲትና አትባራ ከሚገናኙበት ከቶማት ብዙ ሳይርቅ፣ ሶፊ በምትባል መንደር ከረሙ። ቤከር በአሥር ግርሽ ጎጆ ገዛ። መንደርተኛውም ጣሪያውን በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ እየዘፈነ፣ ባልና ሚስቱ በመረጡት ቦታ አምጥቶ ተከለላቸው። ቤት ተገዝቶ በሸክም ሲመጣ ያየ አውሮፓዊ ቢደነቅ አይፈረድበትም። በዚያ ጎጆ ውስጥ ፍሎረንስ የአደን ልብስ ትሰፋለች፣ ቤከር ማስታወሻውን ይጽፋል፣ ውጭ ደግሞ ኪኒን ፍለጋ የመጣ በሽተኛ ይሰለፋል። ፍሎረንስ ራሷም በዚያ ጉዞ በንዳድ ክፉኛ ታማ ነበር። ቆላ ለባለ ኪኒንም ቢሆን ቆላ ነው።

አንድ የአደን ቀን

ዝናቡ አባርቶ፣ ሣሩ ደርቆ ከተቃጠለ በኋላ የአደኑ ወራት መጣ። እዚህ ላይ «ጫካ» ሲባል አንባቢ የጅማንና የከፋን ጥቅጥቅ ደን እንዳያስብ። የሰቲትና የአንገረብ በረሃ የግራር፣ የቁርቁራና የዲማ አገር ነው። ክረምት ላይ ሰው የሚውጥ ሣር ያበቅላል፤ በጋ ላይ ጥቁር አመድ ይሆናል። ያን ጊዜ አውሬው ሁሉ ውሃ ፍለጋ ወደ ወንዞቹ ዳር ይሰበሰባል፤ አዳኙም ይከተለዋል።

መጽሐፉ ከሚተርካቸው ቀናት የተለመደውን መልክ ብንወስድ እንዲህ ይመስላል። ጎህ ሲቀድ ሐምራኖቹ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ሌሊት ውሃ ሊጠጡ የመጡትን ዝሆኖች ዱካ በአሸዋው ላይ ያነባሉ፤ ስንት እንደሆኑ፣ ትልቁ የቱ እንደሆነ፣ ወዴት እንዳመሩ። ፈረሶች ይጫናሉ። የቤከርን ጠመንጃዎች ተክሩሮች ይሸከማሉ። ከጠመንጃዎቹ አንዱ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን የሚፈነዳ ጥይት የሚተፋ ነበርና ዓረቦቹ «የመድፍ ልጅ» ብለው ሰየሙት። በተኮሰው ቁጥር ባለቤቱን አሽከርክሮ ያንገዳግደው ነበርና ቤከር ራሱ ይፈራው እንደነበር አልደበቀም።

ፍሎረንስ አብዛኛውን ጊዜ በሰፈር ትቀራለች። ሰፈሩ ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ ነው። ሥጋው በቋንጣ መልክ እየተሰነጠቀ በየዛፉ ላይ ይሰቀላል፤ የአውራሪስና የጎሽ ቆዳ ለጋሻ ይወጠራል። ሲመሽ አንበሳ እንዳይደፍር ትልልቅ እሳት ይነዳል። ከሰፈር ወጥቶ እየተኮሰ የሚውለውን ሰው መጽሐፉ ጀግና ያደርገዋል፤ ያን ሁሉ ሰውና ዕቃ ይዛ በዚያ ሰፈር የምትውለውን ሴት ግን ምን እንደሚላት ቆይተን እናያለን።

አንዳንድ ቀን አደኑ ወንዝ ውስጥ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው አቡ ዶ የተባለ ሽማግሌ ጉማሬ አዳኝ ነበር። ገመድ የታሰረበትን ጦር ይዞ፣ ገመዱም ጫፍ ላይ ከቀላል እንጨት የተሠራ ተንሳፋፊ አስሮ፣ አዞ በሞላበት ውሃ ውስጥ ራቁቱን ይገባል። ጉማሬው ዘንድ በዋና ተጠግቶ ይወጋውና ወደ ውሃው ጠልቆ ይሰወራል። ከዚያ በኋላ ተንሳፋፊው የጉማሬውን መሄጃ ያሳያል፤ ሰው ሁሉ ገመዱን ይዞ ይጎትታል። ቤከር ሽማግሌውን ባየው ጊዜ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የባሕር አምላክ ትዝ አለው።

ቋንጃ ቆራጮቹ

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የዝሆኑ አደን ነው። ሐምራኖቹ አዳኞች «አጋጊር» ይባላሉ። ጠመንጃ የላቸውም። መሣሪያቸው ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ በሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ ብቻ ነው። ጣሂር ሸሪፍና ወንድሞቹ በዚህ ሙያ በአካባቢው ሁሉ ስማቸው የተጠራ ነበር። ከወንድማማቾቹ አንዱ ሮደር ሸሪፍ በአደን አደጋ ግራ ክንዱ የሰለለ ሰው ነበር፤ ሆኖም ከሁሉ አደገኛውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሮደር በቀይ ባዝራው ላይ ተቀምጦ ብቻውን ወደ ዝሆኑ ፊት ይሄዳል። እየጮኸ፣ እየሰደበ ያስቆጣዋል። ዝሆኑ ኩምቢውን ወደ ላይ ሰቅሎ ሲወረወርበት ፈረሱን አዙሮ ይሸሻል። አሸሻሹ ራሱ ጥበብ ነው፤ በጣም ቢፈጥን ዝሆኑ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል፤ ጥቂት ቢዘገይ ደግሞ ነገር አበቃ። ዝሆኑ ዓይኑን በባዝራይቱ ላይ እንደተከለ ሌሎቹ ከኋላው በግልቢያ ይደርሳሉ። አንዱ ከፈረሱ ላይ በግልቢያው መሐል ወርዶ፣ ሰይፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ የዝሆኑን ቋንጃ በአንድ ምት ይቆርጠዋል። ዝሆን እንደ በሬ በሦስት እግሩ መሄድ አይችልም። ያ የተራራ ያህል እንስሳ ባለበት ይቆማል። ደግመው ሌላውን ቋንጃ ይቆርጡታል፤ ደሙም ፈስሶ ያልቃል።

ይህ የጀብዱ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ዋጋም ነበረው። ጃሊ የተባለ የጎበዞች ጎበዝ በአንድ የዝሆን አደን ላይ ጭኑ ተሰበረ። ቤከር ራሱ እንጨት ጠርቦ፣ ጨርቅ ጠምጥሞ አሰረለት፤ በአልጋ ተሸክመው ወደ አገሩ መለሱት። በሶፊ ያገኙት ፍሎሪያን የተባለ ጀርመናዊ አዳኝ ደግሞ ኋላ አንበሳ ገደለው።

ቤከር ስለዚህ አደን አንድም ነገር ከራሱ አልፈጠረም፤ አዲስም አልነበረም። ከሱ ዘጠና ዓመት ቀድሞ ጀምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ፣ በ1772 መጀመሪያ፣ በራስ ፊል ቆላ ገዥ በነበረው በክንፉ የአደን መንደር ሰንብቶ ነበር። ክንፉ የዝነኛዋ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ነው። ብሩስም እዚያው «አጋጊር» የሚባሉትን አዳኞች አይቶ ጽፏል። በሱ ጊዜ ሁለት ሰው በአንድ ፈረስ ይቀመጥ ነበር፤ አንዱ ፈረሱን እየጋለበ ዝሆኑን ያታልላል፣ ከኋላ የተፈናጠጠው ወርዶ ቋንጃ ይቆርጣል። ሙያው እንግዲህ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ በዚህ ድንበር ላይ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። በደጋውም ቢሆን ዝሆን ገዳይ ምን ያህል ይከበር እንደነበር፣ ፉከራው ምን ይመስል እንደነበር አንባቢ ያውቀዋል።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሰቲት በአውሮፓ የታወቀው ስም ቤከር የሚለው ነው። ዱካውን ያነበቡት፣ ውሃ ያለበትን ያሳዩት፣ ዝሆን ፊት ባዝራ ጭነው የቆሙት ግን ሌሎች ናቸው። በርግጥ ቤከር ይህን አልካደም፤ ሐምራኖቹን እስኪበቃቸው አሞግሷል። ነገር ግን ሞጋሹ የሚጽፍ፣ ተሞጋሹ የማይጽፍ ሲሆን ታሪኩ ምንጊዜም በሞጋሹ ስም ይጠራል። ጣሂር ሸሪፍ ስለዚያ ባለ «መድፍ ልጅ» እንግዳ ማታ ማታ እሳት ዳር ምን ይል እንደነበር ማን ጻፈው?

አዝማሪውና ገበያው

አደኑ ሲገፋ ባልና ሚስቱ ወደ መክ ንምር አገር ገቡ። የዚህ ሰው አባት፣ የሽንዲው መክ ንምር፣ በ1822 የግብፁን ገዥ የመሐመድ ዓሊን ልጅ እስማኤል ፓሻን ሽንዲ ላይ ከነቤቱ አቃጥሎ ወደ ሐበሻ ድንበር የሸሸው ነው። ሐበሻም አስጠጋችው። ልጁ በቤከር ጊዜ ማይ ጉባ ላይ ተቀምጦ በግብፅ ድንበር ላይ የሚዘምት፣ ቱርኮች ስሙን ሲሰሙ የሚደነግጡለት ሰው ነበር። እንግዶቹን ግን በወግ በማዕረግ ተቀበላቸው፤ ስጦታ ተለዋወጡ።

እዚያ ሰፈር ላይ አንድ አዝማሪ መጣ። ማሲንቆውን እየገዘገዘ የእንግዳውን ጀብዱ፣ የገደለውን አውሬ ብዛት፣ የሚስቱንም ውበት እያነሣ አወደሰ። ቤከር በግጥሙ ጆሮውን አላመነም፤ በዜማው ግን ጆሮው ታመመ። ቢሆንም እንደ ባህሉ ሸለመ፤ ሽልማቱን የሰማ ሌላ አዝማሪም መምጣቱ አልቀረም። አዝማሪን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል እኛም አብረነው ነን። ቤከር አላወቀውም እንጂ ስለሱ የተገጠመው የቆላው የመጀመሪያ «መጽሐፍ» ያ ነበር።

ከዚያም በባሕር ሰላምና በአንገረብ ዳር እያደኑ ወደ ደቡብ ወረዱ። አንገረብ ማለት ዛሬ በአብደራፊ በኩል የሚያልፈው ወንዝ ነው። ዛሬ የምዕራብ አርማጭሆ ሰሊጥ የሚዘራበት፣ ትራክተር የሚያጓራበት ሜዳ በዚያን ጊዜ የዝሆን፣ የቀጭኔ፣ የአውራሪስና የጎሽ መንጋ አገር ነበር። በመጨረሻም በ1862 ጸደይ ጋላባት፣ ማለትም የመተማ ገበያ፣ ደረሱ።

የመተማ ሰው ያን ጊዜ በአብዛኛው ተክሩር ነበር፤ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ መጥቶ የሰፈረ ሕዝብ ነው። ለግብፅም ለሐበሻም ይገብራል፤ በሁለት ጌቶች መካከል የሚኖር ሰው ብልሃቱ ይህ ነው። በገበያው ከደጋ የወረደ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና በቅሎ፣ ከቆላው ጥጥ ይቀርባል። ሌላም ነገር ይቀርብ ነበር። ቤከር በድንኳን ውስጥ ለሽያጭ የተቀመጡ ከኦሮሞ አገር የመጡ ልጃገረዶች አይቷል። ከፊሎቹ ቆነጃጅት ነበሩ ይላል፤ ለምን እንደሚሸጡና ዋጋቸው እንዴት እንደሚቆረጥም ይተርካል። ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ በመጋቢት 1889፣ አፄ ዮሐንስ የወደቁባት መተማ ያቺው ናት።

ስሟ ያልተጠራው

አሁን ወደ ፍሎረንስ እንመለስ። የሕይወት ታሪኳን የመረመሩ ሰዎች እንደሚሉት የተወለደችው በ1841 ገደማ በትራንሲልቫኒያ ነው። በ1848 በዚያ አገር የተነሣው አመፅና ጦርነት ቤተሰቧን አጠፋባት። በ1859 በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በቪዲን፣ በኦቶማን ግዛት፣ ለባሪያ ገበያ ቀረበች። ቤከር ከአንድ የሕንድ ልዑል ጋር በዳኑብ ላይ እየሄደ ነበር። እዚያ አያት፤ ከገበያውም አውጥቶ ይዟት ሄደ። ያን ጊዜ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች ይባላል። ሰቲት ዳር ድንኳን ስትተክል ሃያ ዓመት ገደማ ነበረች፤ ባሏ አርባ።

ይህን ሁሉ መጽሐፉ አይነግረንም። በመጽሐፉ ውስጥ እሷ «ባለቤቴ» ናት፤ በቃ። በሕግ የተጋቡት እንኳ ከዚያ በኋላ፣ በ1865 ለንደን ላይ ነው። ቤከር በሰቲት መንገድ ላይ በራኬ የምትባል ባሪያ ገዝቶ «ነጻ ነሽ» እንዳላት በሳቅ እያዋዛ ይተርካል፤ ሴትዮዋ ሚስት ሊያደርገኝ ነው ብላ እንዳቀፈችውም ይነግረናል። የለንደን አንባቢ ስቆ ይሆናል። በዚያች ሰዓት ግን ከድንኳኑ ውስጥ ሆና የምታይ፣ ራሷ ከገበያ የወጣች ሴት ነበረች። መተማ ላይ ለሽያጭ የተቀመጡትን ልጃገረዶች ስታይ ምን አሰበች? በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የዚህን መልስ የሚሰጥ አንድ ዐረፍተ ነገር የለም።

እንግሊዝ አገር ከተመለሱ በኋላ ባልዬው በ1866 የፈረሰኛነት ማዕረግ ተቀበለ፤ እሷም ሌዲ ቤከር ተባለች። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ከጋብቻ በፊት አብረው ኖረዋል ብላ በቤተ መንግሥት ልትቀበላት አልፈቀደችም። በረሃውን በበቅሎና በግመል ያቋረጠች፣ ከሰቲት በኋላም በ1864 እስከ አልበርት ሐይቅ ድረስ ባሏን ተከትላ በሞት አፋፍ ያለፈች ሴት፣ የለንደንን ደጃፍ መሻገር ተሳናት። ከ1870 እስከ 1873 በነጭ ዓባይ ላይ ባደረጉት ሌላ ጉዞ የጻፈችው ማስታወሻ በ1972 ታትሟል። ስለ ሰቲት፣ ስለ አንገረብና ስለ መተማ ግን ከብዕሯ የወጣ ቃል ታትሞ አላየንም። ቤከር በ1893፣ እሷ በ1916 ሞቱ።

አንዱ ቀን ለማን ምን ተወ?

እንግዲህ የእነዚያን ባልና ሚስት የአደን ቀን ስናነብ አራት ወገን በአንድ ሰፈር ውስጥ እናገኛለን። ለቤከር ያ ቀን ጀብዱ፣ ከዚያም መጽሐፍ፣ ከዚያም ዝና ሆነ። ለጣሂር ሸሪፍና ለወንድሞቹ የዕለት እንጀራና የሙያ ክብር ነበር፤ የሚቀር ጽሑፍ ግን አልሆነላቸውም። ለፍሎረንስ ዝምታ ሆነ። ለዝሆኑ ደግሞ የመጨረሻ ቀኑ ነበር።

የዝሆኑን ነገር በቤከር ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በሰይፍ ቋንጃ የሚቆርጠውም፣ ጥርሱን በመተማ የሚሸጠውም፣ በደጋ ፎክሮ የሚሸለመውም ድርሻ አለው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በሰይፍ የሚያድን ሰው በአንድ ቀን ስንት ዝሆን ሊገድል ይችላል? ነፍሱን አስይዞ ነውና ብዙ አይችልም። ጠመንጃው ግን ነፍስ አያስይዝም። ከቤከር በኋላ በነበሩት ዓመታት ጠመንጃ በቆላው ሲበዛ፣ ከሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ ደግሞ የሰሊጥና የጥጥ ሰፊ እርሻ ሜዳውን ሲይዘው፣ የሰቲትና የአንገረብ መንጋ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ቀረ ለማለት የሚያስደፍር ጊዜ መጣ። ደግነቱ ፈጽሞ አልጠፋም። በቃፍታ ሸራሮ በተከዜ ዳር ዝሆኖች መኖራቸውን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በቋራ ደግሞ አላጥሽ በ2006 ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ ከድንበሩ ማዶ በ1935 ከተቋቋመው ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። አውሬ ድንበር አያውቅምና የአንዱ መጠበቅ የሌላው ሕይወት ነው።

ወንዞቹም ቢሆኑ እንደ ጥንቱ አይደሉም። ተከዜ በላይ በኩል በ2009 ተገድቧል። በታች ደግሞ ሱዳን በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ የሠራችው መንታ ግድብ በ2017 ተመርቋል። ቤከር በአንድ ሌሊት ሲመጣ የሰማው ያ ነጎድጓድ ዛሬ በግድብ ውስጥ ተኝቶ መብራትና መስኖ ይሆናል። ደለሉ ግን አሁንም ከሰሜን ተራራ፣ ከጠገዴና ከአርማጭሆ ማሳ ላይ ተነቅሎ ይወርዳል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንላለን። አፈር ጠማው የሚል ተረት አልተረትንም፤ ሊያስፈልገን ግን ይችላል።

ሰውዬው ለደስታው መጥቶ ያስተዋለውን፣ እኛ ባለቤቶቹ ለእንጀራ ስንወርድ ሳናስተውለው ቀርተናል። ለዚህ ሰበብ አናጣም። ወባው እውነት ነው፣ ካላ አዛሩም እውነት ነው፤ በአብደራፊ ሐኪም ቤት በካላ አዛርና በእባብ ንክሻ ምክንያት ስንቱ የደጋ ልጅ እንደተኛ ያከሙት ያውቁታል። ሽፍታውና የድንበሩ ግጭትም ተረት አይደለም። ሆኖም ፍርሃት ብቻውን አገር አያሳይም። ደገኛው ቆላውን በንዳዱ ብቻ ሲያውቀው፣ እንግዳው ደግሞ በአደኑ ብቻ አወቀው፤ ሙሉውን የሚያውቀው ቆለኛ ግን እስከ ዛሬ በቅጡ የጠየቀው የለም።

ስለዚህ የቤከርን መጽሐፍ አንብቦ በቁጭት መዝጋት አይበቃም። በመተማ፣ በቋራ፣ በአብደራፊና በሑመራ የአባቶቻቸውን የአደን ወሬ፣ የወንዞቹን የድሮ አካሄድ፣ የተክሩሩን፣ የጉሙዙን፣ የወልቃይቴውንና የአርማጭሆውን ነገር የሚያስታውሱ አዛውንቶች አሉ። ቋንጃ ቆራጩን በዓይኑ ያየ ባይገኝ እንኳ ያየ ሰው ያጫወተው አይጠፋም። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን አንዱ፣ ወይም እርሳስና ደብተር ያለው አንድ የሰፈር መምህር፣ ይህን ቃል ቁጭ ብሎ ቢመዘግብ ከቤከር መጽሐፍ ጎን የሚቀመጥ ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል። ሴቶቹም እንዳይረሱ፤ ሰፈሩን የጠበቀ ሰው ሁሉ የሚያወራው አለው።

አበው «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። የማይናፈቅ አገር ደግሞ ማንም ቢጽፈው፣ ማንም ቢያድንበት፣ ማንም ቢሸጠው ቅር የሚለው የለም። ቆላችንን ለማወቅ ዝሆን መግደል አያሻም፤ ወርዶ መጠየቅ ይበቃል።